በቀይ ክር የተሰፋው ኒሻን

ጸዳለ ሸጋው በሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ የሰው ዐይን ማየት ያቃታት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ሳለች የሆነ ነው፤ እንደርስበታለን። ሁለተኛው የሆነው በ2003 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ፀሐይዋ ገና በረፋዱ የጣሪያውን ቆርቆሮ በምታንጫጫበት ዕለት ነው። በዚያ ዕለት የምትወደው ሰው አባቱን ይዞ ሊያስተዋውቃት መጣ። እሷ ግን እንግዶቿን መቀበል ሲገባት ሮጣ ተደበቀች።

ገንዳ ውሃ ሙዚየም አላት ሲባል የጎንደር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ባየልኝ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ሽንፋ በእግርም በጭነት መኪናም ተንከራተው ሠላሳ አንድ ዕቃ ሰብስበዋል፤ ከመተማው ጦርነት የተረፈ የደርቡሽ ጎራዴ፣ አፈሙዙ የተጣመመ አልቢን ጠመንጃ፣ የጣሊያን የብረት ቆብ፣ ድምፁ የጠፋ መለከት። ቤቱን የሰጧቸው የጸዳለ አባት፣ የሰሊጥ ባለሀብቱ አቶ ሸጋው ናቸው። ቤት ማለት አሮጌ የሰሊጥ መጋዘናቸው ነው። ዛሬም በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ሰሊጥ ስላለ፣ ጎራዴ ሊያይ የገባ ጎብኚ በጫማው ሥር ሰሊጥ ይዞ ይወጣል።

መምህር ባየልኝ አንድ ነገር ላይ ግትር ናቸው። እያንዳንዱ ዕቃ ካርድ አለው፤ ካርዱም አራት መስመር አለው። ዕቃው ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ የት አገለገለ፣ እንዴት ተገኘ። ካርዶቹን የምትጽፈው ጸዳለ ናት። "አራተኛዋን መስመር አደራ" ይሏታል ሁልጊዜ። "ሰው ስለ ዕቃውም ስለ ዘመኑም ሊዋሽ ይችላል። እንዴት እጁ እንደገባ ስትጠይቂው ግን ዐይን ዐይኑን እይው።"

የካርድ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ዕቃ ኒሻን ነው። ባለቤቱ፦ ወታደር ዘመነ፣ የአቶ ሸጋው ታናሽ ወንድም። ያገለገለው፦ ኦጋዴን። የተገኘው፦ በቤተሰብ ውርስ። ይህን ስትጽፍ ጸዳለ የማንንም ዐይን አላየችም። የምትዋሸው ራሷ ስለነበረች መስታወት ያስፈልጋት ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ መስታወት አልነበረም።

የምትወደው ሰው የሺዋስ ይባላል፤ ኮኪት ባለው በአባቷ እርሻ የትራክተሮቹ መካኒክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸዳለን ባነጋገራት ቁጥር በግራሶ የጠቆሩ እጆቹን ከጀርባው ይደብቅ ነበር። አንድ ቀን "እጆችህን የት ረሳሃቸው?" ብላ ቀለደችበት። ደንግጦ ሁለቱንም ባንዴ አወጣቸው፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ሁለት ዓመት በድብቅ ተዋደዱ። የባለሀብት ልጅ ከአባቷ መካኒክ ጋር ታየች ቢባል ወሬው ከከተማው አንድ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ እስኪደርስ ባጃጅም አይቀድመውም።

የሺዋስ ግን ተስፋ ነበረው። አባቱ ሃምሳ አለቃ ጣሰው ሽንፋ ላይ የሰው ማሳ ሲያርሙና የሰው ሰሊጥ ሲያጭዱ ያረጁ የቀን ሠራተኛ፣ በአገሩ አነጋገር ሳሉግ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ኦጋዴን ተዋግተው ኒሻን የተሸለሙ ወታደር ነበሩ። መምህር ባየልኝ ለሚያዝያ 27 አገራቸውን ያገለገሉ ሰዎች የሚከበሩበት ዝግጅት እንዳሰቡ ሲሰማ የሺዋስ እየሮጠ መጥቶ ነበር።

"የአባዬ ስም በሕዝብ ፊት ይጠራ ብቻ" አላት። "በማግሥቱ ሽማግሌ እልካለሁ። የሳሉግ ልጅ መጣ አይሉኝም፤ የጀግና ልጅ መጣ ይላሉ። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የአባትሽን በር የማንኳኳው።"

"ኒሻናቸውስ አለ?"

"የለም። አበባው የሚባል ጓደኛ ነበራቸው፤ ከኦጋዴን ጀምሮ አብረው የኖሩ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን በዚሁ በእኛ መንገድ ወደ ሱዳን ሲወጡ አበባው ሞተ። አባዬ ኒሻናቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቀበሩት።" ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። በዓለም ላይ የሚኮራበት ነገር ይኸው አንዱ ነበር።

በዚያች የመጋቢት ረፋድ ሃምሳ አለቃ ጣሰው የልጃቸውን ኮት ለብሰው ገቡ። እጅጌው እስከ ጣታቸው ይደርሳል። ጢማቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ የሺዋስ ዘወትር እንደሚቀልደው አባቱ ማሳ ውስጥ እንኳ ሲያድሩ ምላጭ አይለያቸውም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎራዴውን አዩ፣ መለከቱን አዩ። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

የኒሻኑ ጥብጣብ አንድ ጊዜ ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ሦስት ጥቃቅን መስቀሎች አሉበት። ሽማግሌው ጣታቸውን ከማሳያው ሣጥን ላይ አሳረፉ። "አሰበች" አሉ ቀስ ብለው። አሰበች የሟች ሚስታቸው፣ የየሺዋስ እናት ስም ነው። ከዚያ ካርዱን ፊደል በፊደል አነበቡት። ሸጋው ከሚለው ስም ሲደርሱ ቀና ብለው ጸዳለን አዩዋት።

እሷም አየቻቸው። የግራ ጆሯቸው ጫፍ የለውም። ዐይናቸውን ማየት አቃታት፤ ሮጣ ከኋላ በተቆለሉት ጆንያዎች መሃል ገባች።

"ጸዱ? የት ገባች?" ይላል የሺዋስ።

"ተዋት ልጄ፤ ሥራ ይኖራታል" አሉ ሽማግሌው። "እንሂድ።"

ጸዳለ ከጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጣ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄደች። ግንቦት 1983 ነበር። አባቷ ያኔ ሀብታም አልነበሩም፤ ኮኪት መንገድ ዳር አንዲት በርሜል ነበረቻቸው። ውሃውን ከወንዝ በአህያ እያመጡ ይሞሏታል። ከጎንደር በኩል የሚመጣው ወታደር አያልቅም ነበር፤ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ጫማው የተቀደደ፣ ጠመንጃውን ጥሎ የሚጎተት። አንዱ ሰዓቱን ይሰጣል፣ ሌላው ብርድ ልብሱን። አባቷ ይቀበላሉ፤ የሰባት ዓመቷ ጸዳለ በወተት ዱቄት ጣሳ ውሃውን ታቀብላለች። ጆሮው የተቆረጠው ሰውዬ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ኪሱን ዳበሰ፣ ከዚያ ደረቱን። ኒሻኑን ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። "ለጓደኛዬ ነው፤ እዚያ ዛፍ ሥር ተኝቷል፤ ጣሳውን እመልሳለሁ" አላት። በቀይ ክር የተሠሩ ሦስት መስቀሎች አየች። ከዚያ ዐይኑን ማየት አቃታት፤ ለምን እንዳቃታት ግን ያኔ አላወቀችም።

ሙዚየሙ ውስጥ በተደበቀች በሦስተኛው ቀን በሰሊጥ ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ሽንፋ ወረደች። ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከጎጇቸው ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ ይሰፉ ነበር። ጸዳለ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

"ተነሺ ልጄ፤ ምን ሆነሻል?"

"አወቁኝ አይደል?"

"ኒሻኔ ላይ የአባትሽን ስም ሳነብ ነው ያወቅሁሽ። ጣሳዋን የያዘችው ልጅ አንቺ ነሽ።" መርፌውን ጆንያው ላይ ሰኩት። "ሕፃን ነበርሽ። ምን ታውቂ ነበር?"

"ያኔስ አላውቅም ነበር። ካርዱን ስጽፍ ግን አውቅ ነበር።"

ጸዳለ ወደ ገንዳ ውሃ ስትመለስ ለመምህር ባየልኝ እውነቱን እንደምትነግራቸው፣ ለየሺዋስም እንደምትነግረው ማውራት ጀመረች። ገና ሳትጨርስ ሽማግሌው ክንዷን ያዟት።

"እንዳታደርጊው! ለውሃ ሰጠሁት ብለሽ ለልጄ እንዳትነግሪው። ከአበባው ጋር ቀበርኩት ብዬዋለሁ። ቤት አላወረስኩት፣ መሬት አላወረስኩት። ያቺን ወሬ ብቻ ነው ያወረስኩት።"

"የጠማው ሰው ውሃ ቢለምን ምን ነውር አለው? ለዚያውም ለጓደኛዎ ብለው!"

"አንቺ አታውቂም" አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። "ኸላስ፣ ይብቃ። ማይልኝ።"

"በመድኃኔዓለም" አለች ጸዳለ። "ውሃ የምትል ቃል ከአፌ አትወጣም።" ከዚያ አንገቷን ደፍታ ወደ መንገድ ወጣች። ልትናዘዝ መጥታ የሌላ ሰው እፍረት ተሸክማ ተመለሰች።

በሳምንቱ ከኮኪት የሚመጣ ሹፌር ደብዳቤ ሰጣት። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ የግራሶ አሻራ አለበት።

"ለጸዳለ፤

ሆዴ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አባቴ ከሽንፋ የመጡት ኒሻን ሊያዩ መሰለሽ? ኒሻን ምን ያደርግላቸዋል፤ የራሳቸውን ቀብረዋል። የመጡት ምራቴን ልይ ብለው ነው። መንገዱን ሙሉ ኮቱ አያሳፍራትም ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ ነበር። እኔም ጸዳለ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለችም አልኳቸው። አንቺ ግን ከጆንያ ኋላ ተደበቅሽ። የቀሚስሽን ጫፍ አይቼዋለሁ።

በእኔ ብታፍሪ ይሻለኝ ነበር። የእኔ ግራሶ ነው፤ ብታጠብ ይለቃል። የአባቴን እርጅናና ድህነት ግን በምን አጥበዋለሁ? ሚያዝያ 27 እመጣለሁ፤ ለእሳቸው ስል እንጂ ላንቺ አይደለም። ሽማግሌም አልልክም። የሺዋስ።"

ጸዳለ መልስ ጻፈች። "የሺዬ፣ በአባትህ አላፈርኩም፤ ያፈርኩት በራሴ ነው" ብላ ጀመረች። ቀጥሎ "ለምን?" የሚለው ይመጣል። ለምን የሚለውን ከመለሰች ጣሳው ይመጣል፣ ውሃው ይመጣል፣ የሽማግሌው ልመና ይመጣል። ቀደደችው። ደግማ ጻፈች፤ ደግማ ቀደደችው። አራት ቀን እንዲህ ስትጽፍና ስትቀድ ከርማ በመጨረሻ ምንም ሳትልክ ቀረች። ፍቅሯን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማዳን ትችል ነበር፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን በመድኃኔዓለም ስም ዘግታባታለች።

አባቷ ዘንድ ሄደች። አቶ ሸጋው ለበዓሉ የሚለብሱትን ሱፍ እየለኩ ነበር፤ በሟች ወንድማቸው ስም የምስክር ወረቀት የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው።

"አባዬ፣ ኒሻኑ የአጎቴ የዘመነ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።"

አቶ ሸጋው የኮቱን ቁልፍ እንደያዙ ቀሩ። ልጃቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺን ቀን አንስታባቸው አታውቅም።

"አያትሽን ታስታውሻታለሽ?" አሉ። "ዘመነ ለውትድርና ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። ያን ሰሞን ወታደሩ ሲያልፍ መንገድ ዳር ተቀምጣ ልጄን አያችሁ ወይ እያለች የሚያልፈውን ሁሉ ስትጠይቅ እህል አልቀምስ አለች። እኔም ኒሻኑን ወስጄ ጓደኛው አመጣልሽ አልኳት። ያን ዕለት በላች። እስክትሞት ትራሷ ሥር ነበር። አሁን ምን ላድርግ? ከመቃብሯ ቀስቅሼ ዋሸሁሽ ልበላት?"

"ለእሷ ሲሉ ለዋሹት ማን ይፈርድብዎታል? ካርዱ ላይ ግን ለምን?"

"ሰው ሁሉ የሚያንጠለጥለው አለው፤ የአባቱ ጎራዴ፣ የአያቱ ጋሻ" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "የእኔ ቤት ምን ይሰቀል? በርሜሏ?" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ውሃውን እኔ ነበርኩ በአህያ የማመላልሰው። ማንም በነፃ አልሰጠኝም። ደግሞ ያቺን ቀን ሁለተኛ እንዳትጠሪብኝ።" አባቷ ያፈሩ መሆናቸውን ያኔ ገባት፤ ገብቷት ይበልጥ ጨነቃት። ጨካኝ ቢሆኑባት ይቀልላት ነበር።

ሚያዝያ 27 ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ዳስ ተጣለ። ሙቀቱ ሰው አያስቀምጥም፤ እንግዳው በፕሮግራሙ ወረቀት ይራገባል። አቶ ሸጋው በአዲሱ ሱፋቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከኋላ፣ በዚያው ረጅም እጅጌ ኮት። የሺዋስ ከአጠገባቸው ቆሟል፤ የጸዳለ ዐይን ሲደርስበት ዐይኑን ወደ ዳሱ ምሰሶ ያዞራል።

የጸዳለ ሥራ ካርዶቹን በድምፅ ማጉያ ማንበብ ነው። ታነባለች፣ ቤተሰቡ ይቆማል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አሥራ ሰባትን አነበበች። አሥራ ስምንትን አነበበች። አሥራ ዘጠኝን አነሳች።

"ኒሻን" አለች። "ባለቤቱ..."

አባቷ ሱፋቸውን አስተካክለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ጸዳለ አባቷን አየች። ከኋላ ያሉትን ሽማግሌ አየች። የተደበቀችበት የጆንያ ሽታ ትዝ አላት። ዛሬም ብትደበቅ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ጆንያ ኋላ እንደማትወጣ አወቀች።

"ይህ ካርድ ውሸት ነው" አለች። ድምፅ ማጉያው ቃሏን እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ወሰደው። "የጻፍኩት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ኒሻኑ የአጎቴ አይደለም። የኒሻኑ ባለቤት በሕይወት አሉ፤ እዚህ ዳስ ውስጥ ናቸው። በሕፃንነቴ በእጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።"

መምህር ባየልኝ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንዴት ተገኘ ታዲያ? አራተኛዋስ መስመር?"

"እሷን እኔ መሙላት አልችልም መምህር። ምያለሁ።"

ዳሱ ተንጫጫ። "ተሰርቆ ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከመሃል። "ሸጋው ነው የሰረቀው?" አለ ሌላው። አቶ ሸጋው እንደቆሙ ቀሩ። መቀመጥም መሄድም አልቻሉም፤ ላባቸው በአዲሱ ሱፍ አንገትጌ ይወርዳል። ጸዳለ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። እውነት ስትናገር አባቷን ሌባ አሰኘች።

"አልሰረቁም!"

ሃምሳ አለቃ ጣሰው ቆመው ነበር። የሺዋስ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል ቀስ ብለው አስለቀቁት።

"ሸጋው ሌባ አይደሉም። ኒሻኑ የኔ ነው፤ በእጄ ፈትቼ ሰጥቻቸዋለሁ። ለአንድ ጣሳ ውሃ።"

"አባዬ፣ ከአበባው ጋር ቀበርኩት አላሉኝም?" አለ የሺዋስ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

"ዋሸሁህ ልጄ። የባሰም አለ፤ ሁሉንም ስማ።" ሽማግሌው የተላጨ አገጫቸውን ዳሰሱ። "አበባው ዛፍ ሥር ተኝቶ ነበር። መራመድ አቅቶታል። ውሃ አምጣልኝ አለኝ። እኔም ኒሻኔን ሰጥቼ ጣሳውን ተቀበልኩ። ለእሱ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለእሱ ነበር። መንገድ ላይ ከንፈሬን ላርጥብ ብዬ ቀመስኩ። ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ። ዛፉ ጋ ስደርስ ጣሳው ባዶ ነበር።"

ወረቀት የሚያራግብ ሰው አልነበረም።

"ምንም አላለኝም። ያኔ ሙሉ ጢም ነበረኝ፤ ጢሜ ረጥቦ ነበር። ጢሜን ብቻ አየ። ለምን ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ቢሰድበኝ ኖሮ! ጢሜን እያየ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጢም አላሳደግሁም።" ወደ መምህር ባየልኝ ዞሩ። "እኔን አታክብሩኝ። ኦጋዴን ላይ ቆስዬ ስወድቅ ተሸክሞ ያወጣኝ እሱ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፍ ስም ካለ የአበባውን ጻፉልኝ።" ከዚያ ተቀመጡ፤ ረጅሙን እጅጌ ወደ ፊታቸው አነሱት።

የሺዋስ ቆሞ ቀረ። ጸዳለ ድምፅ ማጉያውን ትታ በሕዝቡ መሃል አልፋ መጣች። ሽማግሌው እግር ሥር ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ነው የሺዋስ ያያት። ወደ ልቡ የመጣው ቁጣው ሳይሆን የጻፈላት ደብዳቤ ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር በየተራ ፊቱ ላይ አለፈ።

"ታውቂ ነበር" አላት። "ለዚህ ነው የተደበቅሽው። ለዚህ ነው መልስ ያልጻፍሽልኝ።"

"የውሃውን አውቅ ነበር፤ ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ። የአበባውን ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።"

የሺዋስ ወደ እንግዶቹ ጠረጴዛ ሄዶ አንድ የታሸገ ውሃ አምጥቶ ለአባቱ ዘረጋ። ሃምሳ አለቃ ጣሰው ክዳኑን ፈቱ፤ ወደ አፋቸው ግን አላስጠጉትም። ጎንበስ ብለው ለጸዳለ ሰጧት።

"መጀመሪያ አንቺ ጠጪ።"

ጸዳለ ጠጣች። ውሃው ፀሐይ ላይ ውሎ ሞቋል፤ እያነባች ዋጠችው። ለየሺዋስ አቀበለችው። ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ በጥፍሮቹ ሥር ያለው ግራሶ ይታያል፤ አልደበቀውም። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ለአባቱ መለሰላቸው። ሽማግሌው በመጨረሻ ጠጡ፤ ግማሹን ተዉት።

"ይህን ለሸጋው ስጣቸው" አሉት ልጃቸውን።

የሺዋስ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ፊት ሄደ። አቶ ሸጋው አሁንም ብቻቸውን ቆመው ነበር፤ ከአጠገባቸው የነበረው ሰው ወንበሩን አሽሽቷል። ሠራተኛቸው የዘረጋላቸውን ውሃ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጥቂት ቆይተው ጠጡና ተቀመጡ፤ ያ አዲሱ ሱፍ ትከሻቸው ላይ ሰፋቸው።

መምህር ባየልኝ አዲስ ባዶ ካርድና ብዕር ለጸዳለ አመጡላት። ጉልበቷ ላይ ልትጽፍ ሞከረች፤ ነፋሱ ካርዱን እየገለበጠ አስቸገራት። የሺዋስ ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠና ጠርዙን በአውራ ጣቱ ያዘላት።

"አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር ልመጣ ያሰብኩት" አላት ቀስ ብሎ።

"የምን አንገት" አለች። "እኔስ አንገት አለኝ?"

"ሽማግሌ ብልክ ምን ብለው ይጠይቁልኛል?"

"እንደ እኛው ያፈረ ሰው ነው ይበሉ።"

አልሳቀም፤ ጣቱንም ግን ከካርዱ ላይ አላነሳም። ጸዳለ ጻፈች። ዕቃው፦ ኒሻን። ባለቤቱ፦ ሃምሳ አለቃ ጣሰው፤ በፈቃዳቸው ለወታደር አበባው መታሰቢያ። ያገለገሉት፦ ሁለቱም፣ ኦጋዴን። አራተኛዋ መስመር ላይ ብዕሯ ቆመ። ከዚያ "ለአንድ ጣሳ ውሃ ተሰጥቶ" ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም "ጣሳውን የያዘችው ጸዳለ ሸጋው ናት" የሚል ጨመረችበት። የየሺዋስ አውራ ጣት የካርዱ ጥግ ላይ ጥቁር አሻራ ትቷል። ጸዳለ አልጠረገችውም። እፍረቷ እንዳለ ነበር፤ ፊቷ ይፈጃታል፣ ጆሮዋ ይጮሃል። ቀና ስትል ግን የሺዋስ እያያት ነበር፤ ዐይኗን አላሸሸችም።